ትልቅ አድርገህ ተናገር

እኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ኃጢአት ይዞ ለምስክርነት የሚቆም ሰው የለም። ነውር ነው። ጌታ ከሁለት ጉንጭ ወይን አዳነኝ ብሎ ማን ይመሰክራል?

እማማ ሩቢ "በመጠጥ ባሕር ሰጥሜ ነበር" ይላሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች "ሩቢ ዕድሜዋን ሙሉ የጠጣችው በወንድሟ ሠርግ ላይ ሁለት ጉንጭ ነው፤ እሱንም ጫማዬ ላይ አስታውካዋለች" እያለች ታስቀን ነበር። ዲያቆን ኤሞስ ደግሞ መዳፎቹን ዘርግቶ "እነዚህ እጆች የሰው ደም አፍስሰዋል!" ሲል ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ያፈጥናሉ። ደሙ በወጣትነቱ የሉሸስን የፊት ጥርስ ሲሰብር የፈሰሰው ነው። ሉሸስ ራሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያንኑ የጎደለ ጥርሱን እያሳየ፣ ከሁላችን በላይ "አሜን!" ብሎ ይጮኻል።

ይህን ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ያወጣህ እጅ ይረዝማል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ የሚመሰክረው ሰው ድምፁ ሲያንስ ከየወንበሩ "ትልቅ አድርገህ ተናገር!" እንለዋለን። አያቶቻችንም ሲባባሉ የኖሩት ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ውስጥ በየሰው ቤትና በየፋብሪካው አንገታችንን ደፍተን እንውላለንና፣ እሁድ እሁድ እንኳ ትልቅ ነገር ይኑረን፤ ኃጢአትም ቢሆን።

የእህቴ የኧርሊን ልጅ ኮርዴል ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድምፁ ትንሽ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳ ነበር፤ ኮርዴል ከኋላዬ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ከወረደ በኋላ እንኳ መኖሩን አላስታውስም። አጠገቡ የሚቀመጠው ታነር የሚባል ነጭ ልጅ ግን የሁለቱንም ድርሻ ያወራል። ያ ጓደኝነታቸው አድጎ ዶሮ ፋብሪካ ድረስ ዘለቀ። ታነር አባቱ የፈረቃ አለቃ ስለሆነ መጋዘን ገባ፤ ኮርዴል ደግሞ እንደ ሌሎቻችን ጥቁሮች ዶሮ መበለቻው ጋ ቆመ። እኛ ጋ ይህ ክፍፍል ማንንም አይገርምም፤ እኔንም አልገረመኝም።

ማሽኑ የኮርዴልን ቀኝ እጅ ይዞ ሁለት ጣቶቹን አደቀቃቸው። የፋብሪካው ክሊኒክ ሰፍቶ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ሸኘው። ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ አላለቀም። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ አልጽፍም" አለው። ታነር ግን ከየት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር፤ ለራሱም ይወስዳል፣ ለመጋዘን ልጆችም ዞር ዞር እያለ ይሸጣል። አንድ ምሽት ሁለቱ በኮርዴል መኪና ከሥራ ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸው። ክኒኑ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የአንድ መኪና ሰዎች ሁለት መንገድ ሄዱ። ታነርን ያኔውኑ አባቱ ዋስ ሆኖ አስወጣው፤ ክሱም "ይዞ መገኘት" ሆነ። ኮርዴል ዋስ የሚሆን ስላጣ እዚያው ታስሮ ሰነበተ፤ ሥራውንም አጣ፤ ክሱ ደግሞ "ለመሸጥ ይዞ መገኘት" ሆነ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ሚስተር ሃርግሮቭ ደግ ሰው ነው፤ ግን የያዘው የሰው ጉዳይ ብዛት ፊቱን አመድ አስመስሎታል። ከኧርሊን ጋር ሆነን ስንሰማ እንዲህ አለው፦

"ስማኝ ኮርዴል። ተከራክረህ ከተሸነፍክ ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ግን እስከ ቅጣቱ ቀን ቤትህ ትገባለህ፤ ቅጣቱን ዳኛው ይወስናሉ። በገደብ ሊለቁህም ይችላሉ።"

"እኔ'ኮ ሸጬ አላውቅም፣ ሚስተር ሃርግሮቭ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ሸጫለሁ ልበል?"

"መኪናው ያንተ ነው ልጄ። እዚህ አገር መኪናው ያንተ ከሆነና አንተ ደግሞ አንተ ከሆንክ..." አለና ቀሪውን ዋጠው።

ኮርዴል እናቱን አየ። ኧርሊን "ቤት ና ብቻ" አለችው። እሱም ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ።

ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ፣ ለምስክርነት ተነሣ። ማንም አላስገደደውም። ያቺን የተጎዳች እጁን በሌላኛው ይዞ "ስሜ ኮርዴል ነው" አለ፤ ሁላችንም የምናውቀውን። "እጄን ሲያመኝ ክኒን እወስድ ነበር። ሱስ ሆነብኝ። አሁን ትቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።" ሊቀመጥም ጎንበስ አለ።

እውነቱ ይህ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቃል አይጨመርም፣ አንድ ቃል አይቀነስም። ግን እውነት እንዲህ አጭር ሆኖ ሲቀርብ ሰው አሜን የሚልበት ቦታ ያጣል። ኧርሊን ከመዘምራኑ መሐል ተነሥታ "ትልቅ አድርገህ ተናገር ልጄ!" አለች። ሉሸስ ተቀበላት። እማማ ሩቢ ተቀበሉ። እኔም ቆሜ፣ ድምፄ ከሁሉ ጎልቶ፣ "ተናገር ኮርዴል!" አልኩ።

ልጁ ቀና አለ። እንደዚያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም። "የጎዳና ዱርዬ ነበርኩ!" አለ። "አሜን!" አልን። "ለሰው ልጆች መርዝ ሸጫለሁ! አንድ ቀን አይደለም፣ ለዓመታት!" "ሃሌ ሉያ!" አልን። "የዚህ ከተማ እናቶች በኔ ምክንያት አልቅሰዋል!" ኦርጋኑ ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ኧርሊን እንባዋን እየጠረገች ዘለለች። ኮርዴልም ሳቀ። እጁ ማሽን ውስጥ ከገባ ጀምሮ ጥርሱን አላየነውም ነበር። ፓስተራችን አገልግሎቱን በካሜራ ያስተላልፋሉና፣ ኧርሊን ያቺን ቁራጭ አውጥታ ስልኳ ላይ አስቀመጠቻት። ከመተኛቷ በፊት ታያታለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ታሳያለች።

የቅጣቱ ቀን ፍርድ ቤቱን ሞላነው። ሴቶቹ ነጭ ለብሰን፣ ባርኔጣችንን አድርገን፣ ሁለት ረድፍ ያዝን። ዳኛው ይህ ልጅ ሰው እንዳለው ይወቁ ብለን ነው። መጀመሪያ የተጠራው ታነር ነበር።

ጠበቃው ሱፍ የለበሰ ረጋ ያለ ሰው ነው። "ደንበኛዬ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ተናዟል" አለና የታነርን ፓስተር አቀረበ። ፓስተሩም ታነር መድኃኒቱን መውሰዱን ብቻ ሳይሆን ለጓደኞቹ መሸጡንም በጉባኤ ፊት እያለቀሰ መናገሩን መሰከሩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ልጁን አዩት። እንደ አያት ነበር ያዩት፤ እግዜር ያውቃል አልዋሽም።

"በሰው ፊት ቆሞ ጥፋትን መናገር ድፍረት ይጠይቃል፣ ልጄ" አሉት። ወደ ሱስ ማገገሚያ ላኩት። እዚያ ጊዜውን በደንብ ከጨረሰ ክሱ ይሰረዛል፤ ስሙ ንጹሕ ይሆናል።

እኛም ደስ አለን። ምን ላድርግ፣ በአውቶቡሴ ያደገ ልጅ ነው። ደግሞም ጌታ መንገዱን ሲያሳየን መሰለን። ኧርሊን በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ዴሳ! ሰማሽ ያሉትን?"

"ሰማሁ።"

"የኛም'ኮ አለን! እነሱ ያሉት በወሬ ነው፤ እኔ ከነድምፁ አለኝ!"

"እስቲ ለጠበቃው ስጪው" አልኳት። በዚያች ደቂቃ ስልኩን የያዘች እጇን ብቆርጣት ይሻል ነበር።

ሚስተር ሃርግሮቭ አጎንብሶ ሰማት። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመሰከረው ነው? ልክ እንደዚያኛው?" አለ። "ልክ እንደዚያኛው!" አለችው። "ስንት ደቂቃ ነው?" አለ። "ሦስት እንኳ አይሞላም።" ሰዓቱን አየ፤ ከኮርዴል በኋላ የሚጠብቁትን ሰዎች አየ። ቀድሞ ሊያየው ጊዜ አልነበረውም። ተቀበላትና "ክቡር ዳኛ፣ የኔም ደንበኛ በጉባኤው ፊት ተናዟል" ብሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠጋው።

መጀመሪያ የመጣው የኔ ድምፅ ነበር። "ተናገር ኮርዴል!"

አንድ ነገር ከቤቱ ሲወጣ ሌላ ይሆናል። ያ ደስታ፣ ያ ኦርጋን፣ በዚያ በተወለወለ እንጨትና በማቀዝቀዣ በቀዘቀዘ አዳራሽ ውስጥ የሰካራም ጫጫታ መሰለ። "መርዝ ሸጫለሁ!" ይላል ልጃችን፤ "ሃሌ ሉያ!" እንላለን እኛ። "እናቶች በኔ ምክንያት አልቅሰዋል!" ይላል፤ እናጨበጭባለን። የዳኛው መነጽር ወደ ዓይናቸው ተመለሰ። አጠገቤ እማማ ሩቢ "ኧረ አጥፉት፣ ኧረ አጥፉት" እያሉ ያንሾካሹካሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ዓቃቤ ሕጓ ትሑት ወጣት ሴት ነች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ክቡር ዳኛ፣ እኛ አንድ ከረጢት ብቻ መስሎን ነበር" አለች። "ተከሳሹ ግን ለዓመታት፣ ለልጆችም ጭምር እንደሸጠ በገዛ አንደበቱ ነግሮናል። ቤተሰቡም ሲያጨበጭብለት ሰምተናል።"

"ክቡር ዳኛ፣ ይህ የአምልኮ አነጋገር ነው!" አለ ሃርግሮቭ ተነሥቶ።

"ሚስተር ሃርግሮቭ፣ ያቀረቡት እርስዎ ነዎት" አሉት። ከዚያ ወደ ኮርዴል ዞሩ። "እስቲ ንገረኝ። በቤተ ክርስቲያን የተናገርከው እውነት ነው? ወይስ እግዚአብሔር ፊት ቆመህ ትዋሻለህ?"

ኮርዴል ዞሮ እናቱን አያት። ኧርሊን አፏን በመሐረብ አፍናለች። ልጁ ቢያንስ አንዱን እንድትመርጥለት ጠበቃት፤ ምን ትበለው?

"እኛ ጋ... እንዲህ ነው የሚባለው፣ ክቡር ዳኛ" አለ፣ በዚያች በትንሽ ድምፁ።

"ቀና ብለህ ተናገር፤ አይሰማም።"

"እንዲህ ነው የሚባለው።"

አሥር ዓመት ፈረዱበት። ሲፈርዱ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ክፉ ቃል ቢወጣቸው ኖሮ እሷን ይዘን እንጮኽ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ፖሊሱ የተጎዱትን ጣቶቹን ጠመዘዛቸውና ኮርዴል ቃተተ፤ ኧርሊን ሰማችው፤ እኔም ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የዚያን ቀን ነገር ብዙም አላስታውስ።

ታነርን ግን አስታውሳለሁ። መኪና ማቆሚያው ጋ ሮጦ መጣ፤ ክራባቱን ፈትቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሚስ ዴሳ፣ ክኒኑ የኔ ነበር። ለጠበቃዬ ነግሬዋለሁ። ማንም አልጠየቀህም፣ ዝም በል አለኝ።"

"አሁንስ ማን ጠየቀህ?"

"ተመልሼ ልግባና ልንገራቸው? ምን ላድርግ?"

አባቱ ከመኪናው ሆኖ ጠራው። ታነር ወደ አባቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ሄደ። ልጁን አልጠላሁትም። እሱን ብጠላው ይቀለኝ ነበር።

ሃርግሮቭ ይግባኝ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፤ ቢሆንም ጮኸልን። አንድ መኪና፣ አንድ ከረጢት፣ አንድ ዳኛ፣ ሁለት ኑዛዜ፤ አንዱን ንስሐ ነው ብለው ሌላውን ማስረጃ አደረጉት ብሎ ጻፈ። መልሱ "እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይመዘናል" የሚል ነበር። ሃርግሮቭ ራሱ ቤታችን መጥቶ፣ በረንዳው ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገረን።

"መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ብታገላብጡት የቆዳ ቀለም የሚል ቃል የለበትም" አለ። "የሚለው 'በገዛ አንደበቱ' ነው። በምን ልያዛቸው?"

"አንተ ግን አይተሃል" አለችው ኧርሊን።

"አይቻለሁ፣ ሚስ ኧርሊን።"

"እኔም አይቻለሁ። ካየንማ እንዴት የለም ይባላል?"

የስኳር ድንች ኬክ ቆርጬ ሰጠሁት፤ ሳይነካው ሄደ።

በቀጣዩ የምስክርነት እሁድ ፓስተሩ ካሜራውን አጠፉት። "ማን ይመሰክራል?" አሉ። ማንም አልተነሣም። ብዙ ቆይቶ ዲያቆን ኤሞስ በከዘራው ተደግፎ ቆመ። መዳፎቹን አልዘረጋም።

"ሰው ገድዬ አላውቅም" አለ። "ደምም አላፈሰስኩም። የሉሸስን ጥርስ ነው የሰበርኩት፤ እሱም ሲጀምር እናቴን ሰድቦ ነው።"

"እውነት ነው፤ ሰድቤያለሁ" አለ ሉሸስ ከኋላ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እማማ ሩቢ ተነሡ። "ሁለት ጉንጭ ነው፤ እሱም ሆዴ አልተቀበለውም" አሉና ቁጭ አሉ። ሌላው ተነሥቶ ቁማር የተጫወተው በለውዝ እንደነበር ተናገረ። ሌላዋ ባሏን አንድ ቀን እንኳ በመጥበሻ አልመታችውም፤ አስባ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እየተነሣን፣ የዕድሜ ልክ ኃጢአታችንን አንድ በአንድ መለስነው። ፍርሃት ነበር። ልጅ ያለው ሁሉ ስለ ልጁ ፈርቶ ነው። ሲያልቅ በቤታችን አንድ ኃጢአተኛ አልቀረም፤ አሜን የሚልም አልነበረም። ያ ቀን ከፍርዱ ቀን ይልቅ አንጀቴን በልቶታል።

ኧርሊን አልተነሣችም። ከመዘምራኑ ወጥታ የግድግዳው ጥግ መቀመጥ ጀምራለች። ከፍርዱ ቀን ወዲህ አሜን ብላ አታውቅም። ፓስተሩ ያቺን ቁራጭ ሁላችንም ከየስልካችን እንድንደመስስ ሲለምኑን "እኔ አልደመስስም" አለች። "እሱ የሚስቅበት ሌላ ምስል የለኝም።" ድምፁን ግን ዘግታ ነው የምታየው። ልጁ ቆሞ አፉን ሲከፍትና ሲስቅ ብቻ።

አራት ዓመት አለፈ። እስር ቤቱ ሩቅ ነው፤ እኔ እየነዳሁ በወር አንዴ እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት የአመክሮ ቦርዱ ፊት ቀርቦ ነበር። "ጥፋትህን ታምናለህ?" አሉት። "አዎ፤ እጄን ሲያመኝ ክኒን እወስድ ነበር፤ መሸጥ ግን አልሸጥኩም" አላቸው። ፋይሉን ገለጡት። ፋይሉ ለዓመታት ለልጆች ሲሸጥ እንደነበር፣ ያንንም በገዛ አንደበቱ እንደተናገረ ይላል። "ጥፋቱን አይቀበልም" ብለው መለሱት።

በዚህ ወር እንደገና ሊቀርብ ነው። መጠየቂያው አዳራሽ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን፣ እናቱ ከመሸጫ ማሽን የገዛችለትን ብስኩት ይዞ ሳይበላው ቆየ። ጠጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም'ኮ።

"እማ" አለ። "እዚህ ያለ አንድ ሽማግሌ እስረኛ መከረኝ። ፋይሉ ላይ ያለውን እንዳለ ካላልክ አይለቁህም አለኝ። ከነልጆቹ፣ ከነዓመታቱ፣ ሁሉንም። ማልቀስም ጥሩ ነው አለኝ።"

"እውነቱን ነግረሃቸው የለ?" አልኩት እኔ።

"ነገርኳቸው፣ አክስት ዴሳ። እውነቱ አነሰባቸው።" ወደ እናቱ ተመለሰ። "የቱን ልበል፣ እማ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው። እውነቱን ተናገርና ታሠር ካልሽኝ እታሠራለሁ። ቀሪውን እችለዋለሁ።"

እየፎከረ አልነበረም፤ ይችለዋል። ትልቅ ልጅ አሳድጋለች እህቴ። ግን እሷን አየኋት፤ ስኳሯ እግሯን እያበሰበሰው ነው፤ ስድስት ዓመት ቆማ እንደማትጠብቀው እኔም እሷም እናውቃለን። እሱ ብቻ አያውቅም።

ኧርሊን የተጎዳች እጁን ጠረጴዛው ላይ ሳበችና በሁለት እጇ ያዘቻት። የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶች አሸት አሸት አደረገቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

"ትልቅ አድርገህ ተናገር" አለችው። "ትልቅ አድርገህ ተናገርና ቤት ና።"

ኮርዴል በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። አሜን አፌ ላይ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።